ጥፋቱ የካሜራው ነው

ሙሉእመቤት ከሰው ጋር ተጣልታ አታውቅም ቢባል ውሸት ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ልብስ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ከታክሲ ረዳት ጋር፣ ከደንብ አስከባሪ ጋር፣ «ይሄ የፋብሪካ ነው አይደል?» ብሎ ከሚጠይቅ ገዢ ጋር ሁሉ ተጣልታለች፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱ የእሷ ነበር። ከዕቃ ጋር ግን ተጣልታ አታውቅም። መቀሱ፣ የስፌት መኪናው፣ ካልገፉት የማይዘጋው የሱቋ የቆርቆሮ በር፣ ሁሉም ለእጇ ተገርተው ነው የኖሩት። ካሜራው እስኪመጣ ድረስ።

ካሜራው ጥቁርና ከባድ ነው፤ አንድ ጎኑ ተጭሯል። ሠርግ በማንሳት የሚተዳደረው ኤርሚያስ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለእሷ ሸጠላት። ሲሸጥላት ግማሽ ሰዓት ያህል አስተማራትና «ምንም አያስቸግርም፣ እትዬ ሙሉ። አውቶ ላይ ያድርጉትና ይጫኑት፣ በቃ» አላት። እሷም አመነችው። ከዚያን ቀን ወዲህ «በቃ» የምትለውን ቃል ከኤርሚያስ አፍ ስትሰማ ደሟ ይፈላል።

የገዛችው አምሯት አይደለም። ገበያው ስልክ ውስጥ ገብቶባት ነው። ድሮ ገዢ ከታክሲ ወርዶ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ ጨርቁን በጣቱ አሽቶ፣ ተከራክሮ ነበር የሚገዛው። አሁን ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ ቴሌግራም ላይ ልብስ ሲያይ ያመሻል። ጎረቤቷ ሸፊ፣ ጥለቱ በማሽን የታተመ ልብስ የሚሸጠው፣ በስልኩ እያነሳ በቀን አምስት ስድስት ይሸጣል። የእሷን የእጅ ሥራ በስልክ ሲያነሱት ግን ነጩ የዕቃ እጣቢ ይመስላል፤ አረንጓዴው ጥለት ሰማያዊ ይሆናል። ካሜራውን ይዛ ቤት የገባች ዕለት ልጇ ናዝሬት «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብላ ስቃባታለች። ሙሉእመቤት አልሳቀችም፤ ምክንያቱም ነገሩ የጋሽ መሳይ ነገር ነበር።

ጋሽ መሳይ ሸማኔ ናቸው። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ እግራቸውን የመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ከተው ሃያ ሁለት ዓመት ለእሷ ሸምነዋል። የሳቸው ጥለት የሚታወቀው በመስቀሎቹ ነው፤ ከጥፍር የማይበልጡ፣ በወይን ጠጅና በአረንጓዴ ክር፣ ድሩ አንድ በአንድ እየተቆጠረ የሚገቡ መስቀሎች በተርታ። ሌላ ሸማኔ ሊያስመስል ሞክሮ ትቶታል። ሙሉእመቤት ሱቅ ውስጥ ከሌላ ሸማኔ የመጣ ልብስ ሞልቷል፤ ሰው «የሙሉ ልብስ» ሲል ግን የጋሽ መሳይን ነው።

እኚህ ሰው ናቸው በጥር መጨረሻ ጨርቅ ሊያስረክቡ መጥተው፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ፣ «ከፋሲካ በኋላ እተወዋለሁ፣ ሙሉ። አንድ ፎቅ ጥበቃ አግኝቻለሁ» ያሏት።

«ጥበቃ? እርስዎ? ምን ጎድሎብዎት?»

«ሥራው ቀዝቅዟል። እኔም ደክሞኛል» አሏት።

የሰማችው የመጀመሪያዋን ብቻ ነው። ሥራው ከቀዘቀዘ ማሞቅ ነው፤ ማሞቂያው ፎቶ ነው፤ ፎቶው ደግሞ በስልክ አልሆነም። እንዲህ ብላ አስልታ ነው ካሜራውን የገዛችው። ጋሽ መሳይ ዱላ ይዘው ፎቅ ሥር ሲቀመጡ በዓይነ ሕሊናዋ በታያት ቁጥር የምትቆጣው እሳቸውን ሳይሆን ካሜራውን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ናዝሬትን ነጭ ቀሚስ ከነጠላው አልብሳ፣ ነጭ ልብስ የተሰቀለበት ግድግዳ ፊት አቁማ፣ አውቶ ላይ አድርጋ ተጫነችው። ነጩ አመድ ሆነ። የናዝሬት ፊት ደግሞ ከሰል። ደግማ አነሳች፤ ያው ነው። ኤርሚያስ ጋ ደወለች።

«ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፣ እትዬ ሙሉ። ስለዚህ ያጨልመዋል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያላትን ቁልፍ ይጫኑና ወደ መደመር አንድ ይግፏት፣ በቃ።»

«እና አውቶ ያልከኝ ምኑን ነው የሚያውቀው?»

«እ... ማለቴ፣ የሠራው ፋብሪካ ሁሉም ሰው ነጭ ለብሶ የሚወጣበት አገር መኖሩን መች ያውቃል?»

ወደ መደመር አንድ ገፋች። ፊቱ ፊት ሆነ። ነጩም ነጭ ሆነና ገና ደስ ሳይላት ቴሌግራም ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ፦ «ይሄ ውኃ ሰማያዊው ነጭም አለው?» ሙሉእመቤት ፎቶውን አየችው። እውነትም ልብሱ ሰማያዊ ነው። ካሜራውን ገለባበጠችው፣ ሌንሱን በነጠላ ጫፍ ጠረገችው፣ ኤርሚያስን በሌለበት ሰደበችው። ሸፊ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየና ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ከሱቋ ደጃፍ በላይ ለፀሐይ ብላ የወጠረችው ሰማያዊ ሸራ ነበር፤ ብርሃኑ ሁሉ በሱ ውስጥ አልፎ ነው ልብሱ ላይ የሚወርደው።

«ይንቀሉት ወይ ውጭ ያንሱ፣ እትዬ ሙሉ» አላት።

ሸፊ ትክክል መሆኑ ከካሜራው በላይ አናደዳት።

ቀጥሎ ካሜራው ላይ ዓይን የሚደረግበት የማያው ቀዳዳ ደፈረሰባት። ዓይኗን ብታስጠጋ፣ ብታርቅ፣ በግራ ዓይን ብትሞክር፣ ሁሉም ነገር ጉም ነው። ይሄኔ ትዕግሥቷ አልቆ ታክሲ ይዛ ኤርሚያስ ጋ ሄደችና ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «ሞራ ያለበት ካሜራ ነው የሸጥክልኝ» አለችው። ኤርሚያስ አየበትና ሳቀ። «ካሜራው ደህና ነው፤ የእርስዎ ዓይን ነው» አለና ከማያው ቀዳዳ አጠገብ ያለች፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ መዘውር አሳያት። «ይቺን ሲያዞሯት ማያው በእርስዎ ዓይን ልክ ይስተካከላል። እኔ በኔ ዓይን አድርጌያት ነው።» ቀጭ፣ ቀጭ፣ አዞረቻት፤ የኤርሚያስ ግድግዳ ላይ ያሉት የሙሽሮች ጥርስ ሳይቀር ጠርቶ ታየ። ሙሉእመቤት ግማሽ ሰዓት ያስተማራት ሰው ይቺን ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው። «አልጠየቁኝማ» አላት። በዚያ ቀን ሁለቱ ሳይጨባበጡ ነው የተለያዩት።

ይሁን፣ ነገሩ መልክ እየያዘ ነበር። ከሸራው ሥር ወጥታ፣ መደመር ላይ አድርጋ፣ መዘውሯን አስተካክላ ያነሳችው ፎቶ ከአዳማ ወይዘሮ ማሚቴ የሚባሉ ሴት አመጣላት። ልጃቸውን በግንቦት ይድራሉ፤ ለመልሱ ለቤተሰቡ ሴቶች አሥራ ሁለት ቀሚስ ከነነጠላው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥለት፣ ይፈልጋሉ። አሥራ ሁለት ልብስ ለጋሽ መሳይ እስከ ሠርጉ ድረስ ቀና የማያደርግ ሥራ ነው። ሙሉእመቤት ስልኩን ዘግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራውን ዳበሰችው።

ረቡዕ ዕለት ግን ወይዘሮ ማሚቴ እንደገና ደወሉ። «ልብሱን ወድጄዋለሁ። ጥለቱን በስልኬ አጉልቼ ሳየው ግን አንዳንዱ መስቀል የተሰበረ ይመስላል። ልጄም አይታዋለች። ሌሎች ሁለት ሱቆችም ልከውልኛል፤ ሰኞ ልወስን ነው።»

«ካሜራው ነው፣ እመቤቴ» አለች ሙሉእመቤት ሳታስብ። «የኔ ሸማኔ መስቀል አይሰብርም። ቅዳሜ በደንብ አንስቼ እልክልዎታለሁ።»

እንዲህ ያሉት ወይዘሮ ማሚቴ ብቻ አልነበሩም። ከሳቸው በፊትም ሁለት ገዢዎች ጥለቱ ይጣመማል ብለው ነበር፤ ለሁለቱም «ካሜራው ነው» ብላ መልሳለች። ኤርሚያስም አልተቃወማትም። «ደቃቅ ጥለት ሲሆን ዲጂታል ካሜራ ግራ ይጋባል፤ የሌለ መስመር ያሳያል። በዚያ ላይ እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ሶስት እግር ያለው ማስቆሚያ ይግዙ፣ የሁለት ሰኮንዱን መቁጠሪያ ላይ ያድርጉት፣ ሳይነኩት ራሱ ያንሳ። ከሁለት ሦስት ቦታም ያንሱት፤ የካሜራ ስህተት ቦታ ሲቀይሩ ይቀየራል፣ በቃ።»

ማስቆሚያ አልገዛችም። ሦስት ኪሎ ምስር በፌስታል ቋጥራ፣ ወንበር ላይ ወንበር ደርድራ፣ ምስሩን ከላይ አድርጋ ካሜራውን ቀበረችበት። ከብረት ማስቆሚያ የተሻለ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ይሄን ለኤርሚያስ አልነገረችውም።

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱ ገበያ ጓሮ ካለው ቤቷ አልወጣችም። የቤቷ በር ወደ ሰሜን ያያል፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ችግሩ ደጁ ላይ የቆመው የውኃ በርሜል ከወገብ በታች ያለውን ሁሉ ጥላ ያደርገዋል። ናዝሬትን በሩ አጠገብ አቆመቻት። በጥላው በኩል ነጭ አንሶላ ወጠረች፤ አንሶላው ብርሃን መልሶ ፊቷ ላይ ጣለ። ናዝሬት ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሌላ የምትሠራው ብዙ ነገር ነበራት።

«እማ፣ እግሬ ደነዘዘ።»

«ቀጥ በይ። አገጭሽን ዝቅ።»

«ጾም ላይ ነኝ፣ አዞረኝ።»

«እኔም ጾም ላይ ነኝ። አትሳቂ። ማለቴ፣ ሳቂ፣ ግን ጥርስሽን አታሳዪ።»

አርባ ጊዜ አነሳች። ልብሱ ያምራል፣ ፊቱ ያምራል፣ ጥለቱ ግን ነጠላው ጫፍ ላይ፣ ወደ ታች፣ በርሜሉ ጥላ ውስጥ ተቀብሯል። ወይዘሮ ማሚቴ የፈለጉት ደግሞ ጥለቱን ነው። ሙሉእመቤት በርሜሉን ልትገፋው ሞከረች፤ ሙሉ ነው። ብልጭ አለባት። ነጠላውን ከናዝሬት ትከሻ ገፈፈችና ገልብጣ፣ ጥለቱ አንገቷ ላይ እንዲውል አድርጋ አለበሰቻት። ብርሃኑ መስቀሎቹ ላይ አረፈ። የሁለት ሰኮንዱ መቁጠሪያ ቆጠረ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ያ ፎቶ ልክ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጩ ነጭ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ፣ የናዝሬት ፊት የናዝሬት ፊት ሆነ። ዓይኗ ስር ያለችው ትንሽ ጠባሳ ሳትቀር ታየች። ሙሉእመቤት ምስሩ ላይ እጇን አስደግፋ ፎቶውን ስታይ ቆየች። ናዝሬት ከነድካሟ ፎቶውን ወደ ስልክ አዛወረችው፤ «የሙሉ የሀበሻ ልብስ። ንጹሕ የእጅ ሥራ። ለወዳጅ ዘመድ ያጋሩ» ብለው ለቀቁት፤ ለወይዘሮ ማሚቴም ላኩ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም። የመጀመሪያው ሰው «ውይ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው «ነፍስ ይማር። ማን ነው?» አለ። ሙሉእመቤት ሰው በማይመለከተው ገጽ ላይ የሚጽፍበት ዘመን መጣ ብላ አጉረመረመች። ሦስተኛው ጥያቄም አልነበረውም፤ የሚያለቅስ ፊት ብቻ ነው። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ የእድሩ ጸሐፊ አቶ ስለሺ ናቸው።

«ሙሉእመቤት፣ አይዞሽ፣ በርቺ። ድንኳኑን ዛሬ ነው ነገ የምንተክለው?»

«ለምኑ ነው ድንኳን?»

«እ... ማለቴ፣ ልጅት ነጠላዋን አዘቅዝቃ በቴሌግራም አየናት። ጠሪ እስኪመጣ ብለን ነበር፤ ዝም ስትሉ ጊዜ...»

ሙሉእመቤት ፎቶውን ዳግመኛ አየችው። የነጠላ ጥለት ወደ ታች ሲወርድ የዘወትር ነው፤ ወደ አንገት ሲወጣ ሐዘን ነው። ይሄን ሃያ ስድስት ዓመት ለሰርገኛ ስታስተምር፣ ሱቋ ውስጥ ተሳስታ የምትለብስ ልጅ ስታይ እንደ እናት ስትገስጽ የኖረችው እሷ ናት። አሁን በገዛ እጇ ልጇን ለቅሶኛ አድርጋ፣ «ለወዳጅ ዘመድ ያጋሩ» ብላ ለአገር አድርሳለች። ለሙሽራ እናት ሳይቀር።

«አንቺስ አታዪም?» አለች ወደ ናዝሬት ዞራ።

«እኔ ምን ላድርግ? ያለበስሽኝ አንቺ። አትንቀሳቀሺ አልሽኝ፣ አልተንቀሳቀስኩም።»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። ለአቶ ስለሺ ማንም እንዳልሞተ አስረዳች፤ እሳቸውም እንዳላመኗት ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር። ፎቶውን ከቴሌግራም አጠፋች። ጥለቱን ብቻ ቆርጣ ለወይዘሮ ማሚቴ ልትልክ አስባ፣ ካሜራው ላይ ፎቶውን አውጥታ ማጉያውን ተጫነች። መስቀሎቹ ቀርበው መጡ። ክሩ እንደ ፀጉር አንድ በአንድ ይለያል። አንደኛው መስቀል ሙሉ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ሙሉ ናቸው። አራተኛው ቀኝ እጁ በአንድ ክር አጥሯል። ሰባተኛውና ስምንተኛው ደግሞ አንገታቸው ወደ ጎን ዞሯል።

«ይሄ የተረገመ ዕቃ» አለች።

ምስሩን ተሸክማ ወደ ሌላኛው የበሩ ጎን ሄደች፤ ነጠላውን ወንበር ላይ ዘርግታ ከሌላ ማዕዘን አነሳችው። አጎላችው። አራተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው። ካሜራውን ወደ ታች ዝቅ አድርጋ ለሦስተኛ ጊዜ አነሳች። አራተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው። ኤርሚያስ የካሜራ ስህተት ቦታ ሲቀየር ይቀየራል ብሏት ነበር። ይሄ አልተቀየረም።

ዳዊት ስትደግም የምታደርገውን መነጽር አመጣችና ጨርቁን እራሱን በር ላይ ይዛ አየችው። መስቀሉ ተሰብሯል። ካሜራው ያየውን ነው ያሳየው። ከሳጥኗ ያምና ነጠላ አወጣች፤ እሱም አለበት። ካቻምና ለራሷ ያስቀረችው ላይ ሁለት ቦታ አገኘች። የዛሬ አምስት ዓመቱ ላይ ግን ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ አንድም የለም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የጋሽ መሳይን ሥራ በዓይኗ ማየት ካቆመች ስንት ዓመቷ ነው? ትቀበላለች፣ ታጥፋለች፣ ትሰቅላለች። የሳቸው ነው ማለት አይቼዋለሁ ማለት ሆኖባት ኖሯል። ሁለት ወር ሙሉ ያን ካሜራ ስታዋርድ የኖረችው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚሉት ሆኖ ነው፤ አህያው ማን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ። አፈረች።

ይህን ስታስብ ነው በሩ የተንኳኳው። ጋሽ መሳይ ናቸው። ከላይ ከሽሮ ሜዳ እየሮጡ የወረዱ ይመስላሉ፤ የክር ብጫቂ ሱሪያቸው ላይ አለ፤ የራሳቸው ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሟል። ጎረቤት በስልኩ ሲያይ ሰምተው ሥራቸውን ከነመወርወሪያው ጥለው ነው የመጡት።

«ማን ነው፣ ሙሉ? ናዝሬት ናት እንዳትይኝ።»

«አለሁ፣ ጋሼ፣ ደህና ነኝ» አለች ናዝሬት ከኋላ ብቅ ብላ።

ጋሽ መሳይ ናዝሬትን በሁለት እጃቸው ፊቷን ይዘው አዩአት፤ በጣም ቀርበው ነው ያዩአት። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሙሉእመቤት ስለ በርሜሉና ስለ ጥላው ነገረቻቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። ናዝሬት ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ አቀበለቻቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ አዩት፤ ቀጥሎ አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ነጩ ነጭ ሆኗል።»

«መስቀሎቹስ?» አለች ሙሉእመቤት።

ስልኩን ትንሽ አዘነበሉት።

«መስቀሎቹ... አሉ አይደል?» አሉ።

ያኔ ሁሉም ገባት። ሊሸመን የመጣውን ፈትል በጣታቸው ብቻ እየዳበሱ መቀበላቸው፣ የቀን ብርሃን እንዳያባክኑ ጨርቅ የሚያስረክቡት ሲመሽ ሲመሽ መሆኑ፣ በጥር «ደክሞኛል» ያሉት። እሳቸው ላይ ልትጮህ ፈለገች። ነጠላውን በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ዘረጋችው። ካሜራውን ምስሩ ላይ አስቀምጣ፣ ሌንሱን አቅርቦ እንዲያሳይ እስከ መጨረሻው ስባ፣ ጥለቱ ላይ አስተካከለችው።

«ይምጡ፤ በዚህ ይዩ» አለቻቸው።

ጋሽ መሳይ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ቀዳዳው ላይ አደረጉ። «ጉም ነው» አሉ።

ጣታቸውን ይዛ መዘውሯ ላይ አኖረችላቸው። «ይቺን ያዙሯት። ቀስ ብለው።»

ቀጭ አለች። ቀጭ። ቀጭ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ መቁጠር በተማሩበት በጋሞኛ ነው የሚቆጥሩት፣ በዝግታ። አራት ላይ ሲደርሱ አቆሙ። ከመጀመሪያው እንደገና ቆጠሩ። እንደገና አራት ላይ አቆሙ።

«ይሄ የኔ እጅ ነው?» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«የእርስዎ ነው።»

«ስንት ጊዜው?»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል መሰለኝ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም፣ ሙሉ?»

አላየሁትም ማለት ከበዳት፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። «አላየሁትም፣ ጋሽ መሳይ። ሰው ሲነግረኝ ካሜራው ነው እያልኩ ነበር» አለች። «እርስዎስ ዓይኔ ደከመ ማለት ምን ነበረበት?»

«ዓይኔ ደከመ ያለ ሸማኔ ማን ፈትል ያምነዋል?»

«እና የማያይ ጥበቃ ማን ያምነዋል?»

ጋሽ መሳይ ትንሽ አሰቡ። «በሩ ትልቅ ነው» አሉ።

ናዝሬት ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ገባች። ሙሉእመቤት አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ተናዳ ነበር፤ በማን እንደተናደደች ግን አሁን በትክክል ታውቃለች። ከአፍንጫዋ ላይ የዳዊት መነጽሯን አወለቀችና ከፊታቸው አስቀመጠችው። «ይቺ የኔ ናት፤ በእርስዎ ልክ ደግሞ ሰኞ እናሠራለን። መነጽር አድርጎ የሸመነ ማንም ምንም አይለውም፤ የሚል ካለ እኔ ጋ ይላኩት።» የሚል ሰው እሷ ጋ ቢላክ ምን እንደሚገጥመው ሽሮ ሜዳ ያውቃል፤ ጋሽ መሳይም አልተከራከሩም።

ስልኳ ላይ የወይዘሮ ማሚቴ መልእክት ደርሶ ነበር። «የሙሽራ ልብስ ብዬ ሐዘን ላኩልኝ እንዴ? መስቀሎቹም አሁንም ያው ናቸው» ይላል። ሙሉእመቤት ቁጭ ብላ መጻፍ ጀመረች። ጣቷ በልማድ «ካሜራው» ብሎ ጀመረ። «ነው» ከማለቷ በፊት ቆመች። አሥራ ሁለቱን ልብስ አስይዛ እንደምትጽፍ ታውቃለች፤ እውነቱን ካለች ሴትዮዋ ወደ ሌላኛው ሱቅ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ጋሽ መሳይ ደግሞ አሁን ሥራ ካጡ መነጽሩም ጥበቃውን አያስተዋቸውም። ቢሆንም ጻፈችው።

«ካሜራው ልክ ነው፣ እመቤቴ። ነጠላውን በስህተት ያዘቀዘቅኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ። መስቀሉም እውነት ተሰብሯል፤ ሳላይ ነው ካሜራው ነው ያልኩዎት። ሸማኔዬ መነጽር ያሠራል። አንድ ክንድ ጥለት እንደ አዲስ ሸምኖ ላሳይዎት፤ ሁለት ሳምንት ይስጡኝ። ካልወደዱት ይተዉት።»

ላከችው። መልስ ቶሎ አልመጣም። ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቀና ስትል ጋሽ መሳይ አሁንም ካሜራው ላይ ጎንበስ እንዳሉ ናቸው። በግራ እጃቸው የነጠላውን ጫፍ ይዘው ቀስ እያሉ ይስቡታል፤ መስቀሎቹን አንድ በአንድ በሌንሱ ፊት ያሳልፏቸዋል፤ የተሰበረው ጋ ሲደርሱ በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል።

«አንድ ክንድ በአሥር ቀን ይደርሳል» አሉ። «በዚች መዘውር ልክ ያለ መነጽር ከተገኘ።»

«ይገኛል» አለች። «አሁን ግን ነጠላዎን ይመልሱት፣ ጋሽ መሳይ። እዚህ ቤት የሞተ የለም።»

ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሱ፣ ባዶ በሆነው እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ጥለት ፈለጉ፤ አገኙትና ገልብጠው ወደ ታች ለቀቁት።